የጓዳዬ አርባ ቀን

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን፣ ለሁዳዴ ብዬ ካዘጋጀሁት ሽሮ የተረፈውን ለማውጣት የጓዳዬን መደርደሪያ ስከፍት በዕቃው ክዳን ሥር የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተሸምኖ አገኘሁ። በማንኪያ ጫፍ ገለጥ ሳደርገው ሽሮው ከድሩ ጋር ተያይዞ በቋጠሮ በቋጠሮ ተነሣ፤ በመካከሉም ነጣ ያለ ቀጭን ትል ይንቀሳቀስ ነበር። ለቡና የጠራኋቸው፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ጎረቤቴ አጠገቤ ቆመው ስለነበር አብረውኝ አዩት። «አይዞሽ ልጄ፣ የማይገባበት ቤት የለም» ብለው ፊታቸውን ወደ ምድጃው መለሱ። እንዳላፍር ብለው እንዳደረጉት ገብቶኛል፤ እኔ ግን አፈርሁ።

በእኛ ዘንድ ጓዳ የሴት ሙያ የሚመዘንበት ቦታ ነው። ሽሮዋ ያልተላ፣ በርበሬዋ ያልነቀዘ ሴት ባለሙያ ትባላለች፤ የሌላዋን ጉድለት ማንም በአፉ ባይናገር እንኳ በዓይኑ ይለካዋል። ከዚህ የተነሣ አብዛኞቻችን በእህላችን ውስጥ ተባይ ስናይ የመጀመሪያ ሥራችን መደበቅ ነው፤ ሰው ሳያይ እንነፋለን፣ ሲመሽ አውጥተን እንደፋለን፣ ነገሩንም ለማንም አናነሣም። እኔም ከ20 ዓመት በላይ እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። የተደበቀ ነገር ደግሞ አይጠየቅምና ይህ ተባይ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚራባ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከዚያን ዕለት በኋላ ግን ማንበብና የሚያውቁ ሰዎችን መጠየቅ ጀመርሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ ከኀፍረቴ ገላገለኝ፤ ነቀዝ በአብዛኛው የሚመጣው ከቤታችን ጉድፍ ሳይሆን፣ በገንዘባችን ገዝተን በገዛ እጃችን ተሸክመን ከምናስገባው እህል ውስጥ ነው።

ያደግሁት በአሰላ አቅራቢያ ነው፤ አዳማ የመጣሁት በትዳር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ በአየር ጠባይ የተለያዩ አገሮች ናቸው። እናቴ በየዓመቱ ውቂያ ካለፈ በኋላ አንድ ኩንታል ስንዴ ትልክልኛለች። ያው ስንዴ በእሷ ጎተራ እስከሚቀጥለው መኸር ድረስ ደህና ሆኖ ሲቆይ፣ በእኔ ቤት ግን ሚያዝያ ሳይገባ ከማዳበሪያው ሥር ዱቄት መርገፍ ይጀምራል። «ምድሩ ነው ልጄ፣ የአዳማ ምድር ነው» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሙያዬን ላለመንቀፍ የምትናገረው ማጽናኛ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እውነቷን ኖሯል።

ነቀዝ የምንለው ዋናው ተባይ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ቀለም ያላት፣ አፏ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ፊት የተቀሰረ ጥንዚዛ ናት። እንስቷ በዚያ አፏ የስንዴውን ወይም የበቆሎውን ፍሬ ትሰረስርና በቀዳዳው ውስጥ አንድ እንቁላል ጥላ፣ ከሰውነቷ በሚወጣ ሙጫ መሰል ፈሳሽ ትደፍነዋለች። ድፍኑ የፍሬውን ቀለም ስለሚመስል በዓይን አይለይም። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ከዚያች ፍሬ ሳይወጣ ውስጡን እየበላ ያድጋል፣ እዚያው ሙሽሬ ይሆናል፣ እዚያው ክንፍ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቅርፊቱን ቦርቡሮ የሚወጣው። በፍሬ ላይ የምናየው ክብ ቀዳዳ እንግዲህ የመውጫው በር ነው። ቀዳዳውን ባየንበት ቀን በውስጥ የነበረው ሥራ አልቋል፤ አንዲት እንስት ደግሞ በዕድሜዋ 300 ያህል እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

ይህ ሁሉ በ27 ወይም በ30 ዲግሪ ሙቀት ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከ15 ዲግሪ በታች ግን መራባቱ እጅግ ይዘገያል፣ ሊቆምም ይችላል። የእናቴን ጎተራ የሚጠብቀው የአሰላ ብርድ ነበር። እንቁላሉ እዚያም በእህሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ብርዱ ስለሚይዘው ዓመቱ እስኪያልቅ አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ቢተካ ነው። ያው ስንዴ ወደ አዳማ ሲወርድ፣ በተለይም ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለች ጓዳ ውስጥ ሲቀመጥ የእንቅልፍ ጊዜው ያበቃል። ለማስታወስ እንዲመቸኝ ጊዜውን «አርባ ቀን» ብዬ ይዤዋለሁ። በየትኛውም እህልና ጥራጥሬ መያዣ ላይ የገባበትን ቀን በወረቀት ጽፌ እለጥፋለሁ፤ አርባ ቀን ሳይሞላ ከፍቼ በሰፌድ ላይ ዘርግቼ አየዋለሁ። ከሁሉ ነገር የበለጠ የጠቀመኝ ይህች ትንሽ ልማድ ናት፤ ሁለተኛው ትውልድ ከመውጣቱ በፊት ትደርሳለችና።

በማየት ብቻ የማይታወቅ ነገርም አለ። እጅን ወደ ማዳበሪያው መካከል አስገብቶ ሙቀቱን መለካት ጠቃሚ ነው፤ ተባይ የበዛበት እህል ነፍሳቱ በሚተነፍሱት ትንፋሽ ይሞቃል፣ ይወዛልም። ወዙ ደግሞ ሻጋታን ይጠራል፤ በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚወጣው አንዱ የሻጋታ ዓይነት አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም በመቀቀል ወይም በመጋገር አይጠፋም። ስለዚህ ጥቂት ጥንዚዛ የታየበትን ስንዴ አበጥሮ መብላት ችግር ባይኖረውም፣ የሻገተና የሸተተ እህል ግን ለዶሮም አይሰጥም።

ሁሉን ተባይ በአንድ ስም «ነቀዝ» እያልን መጥራታችን መፍትሔውን ያደባልቅብናል ብዬ አምናለሁ። በዱቄት ውስጥ የምናገኛት ቀይ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ ጥንዚዛ ኩምቢ የላትም፤ ደህናውን ሙሉ ፍሬ መስበር ስለማትችል የምትኖረው በዱቄት፣ በክክና በስብርባሪ ላይ ነው። ስትበዛ ለዱቄቱ የሚጎፈንን ሽታ ትሰጠዋለች፣ ከዓመት በላይም ትኖራለች። እንቁላሏ ደቃቅና ዱቄት የሚለጠፍበት በመሆኑ በሰፊ ወንፊት ያልፋል፤ ዱቄት ነፍተን «አጸዳሁት» ስንል ጥንዚዛዋን አውጥተን እንቁላሏን እናስቀራለን ማለት ነው። በሽሮዬ ላይ ድር ያደራው ደግሞ ጥንዚዛ ሳይሆን የእሳት ራት የምትመስል ትንሽ ቢራቢሮ እጭ ነው። አተሩ ለሽሮ ሲቆላ በውስጡ የነበረው ሁሉ ሞቷልና ያቺ ቢራቢሮ የገባችው በኋላ ነው። ወፍጮ ቤት ይሆን ብዬ ተጠራጥሬ ነበር፤ ከእኛ በፊት የተፈጨ ዱቄት በወፍጮው ውስጥ ስለሚቀር አንዳንድ ጊዜ እውነትም ከዚያ ይመጣል። እኔ ቤት ግን ምንጩ የተገኘው ሦስት ዕቃ አልፎ፣ ልጆቹ አፉን ሳያስሩ የተዉት የለውዝ ፌስታል ውስጥ ነበር። ቢራቢሮዋ ከዚያ በርራ በላላ ክዳን አልፋ ገብታለች። ከዚያ ወዲህ በአንድ ዕቃ ላይ ተባይ ባየሁ ቁጥር የመደርደሪያውን ዕቃ በሙሉ አወርዳለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የታየበት ዕቃና ጥፋቱ የጀመረበት ዕቃ አይገናኙም።

በዛላ በርበሬና በቅመም ውስጥ የምትገኘው ድንቡሽቡሽ ያለች፣ አንገቷን የደፋች ቡናማ ጥንዚዛም የራሷ ጠባይ አላት። የሚያቃጥለው በርበሬ ለእሷ ምግብ ነው፤ የደረቀ ትምባሆም ትበላለች። የእሷ ወገን የሆነ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ1922 በተከፈተው የግብጹ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ መገኘቱን ሳነብ፣ ከ3,000 ዓመት በፊት በንጉሥ ጓዳ የነበረ ተባይ በእኔ ጓዳ መገኘቱ ያን ያህል የሚያሳፍር አልመሰለኝም።

ከእህሎቻችን መካከል ይህ ሁሉ የማይነካው ጤፍ ነው። ሴቶች «ጤፍ አይነቅዝም» የሚሉት ከልምድ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። የነቀዝ እጭ የሚያድገው በአንዲት ፍሬ ውስጥ ነውና ፍሬዋ ቤትም ቀለብም ልትሆነው ይገባል። አንድ ሺህ ያህል የጤፍ ፍሬ ተሰብስቦ የአንዲት የበቆሎ ፍሬ ያህል ይመዝናል፤ በእንዲህ ዓይነት ቅንጣት ውስጥ የሚያድር እጭ የለም። ገበሬዎቻችን ይህን ስለሚያውቁ ጥራጥሬንና በቆሎን ከጤፍ ጋር ደባልቀው ያስቀምጣሉ፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙ እንዳይዘዋወር ያግደዋል፣ ሲፈለግም በወንፊት ይለያል። አያቴ ባቄላዋን እንዲህ ስታስቀምጥ አይቼ ቦታ ለመቆጠብ ይመስለኝ ነበር። የጤፍ ዱቄት ግን እንደ ማንኛውም ዱቄት ነው፤ ጤፍ ነው ተብሎ ለወራት አይተውም።

በአዳማ የሚኖር ሰው ስለ ቦሎቄ ሳያነሣ ሊያልፍ አይችልም። ነጩ ቦሎቄ በዙሪያችን ባለው የስምጥ ሸለቆ ይመረታል፤ በከተማችን መጋዘኖች ውስጥ ሴቶች ተደርድረው ፍሬ በፍሬ እየለቀሙ ለውጭ ገበያ ያዘጋጁታል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከዚህ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለዓመታት ሲመራመርበት ኖሯል። የቦሎቄ ነቀዝ ከስንዴው የተለየ ነው። ክንፍ አውጥቶ ከፍሬው ከወጣ በኋላ ደረቅ ፍሬ አይበላም፣ ዕድሜውም ከሁለት ሳምንት ብዙ አያልፍም፤ ጥፋቱ ሁሉ የእጩ ነው። አንዳንዱ ዝርያ እንቁላሉን የሚጥለው ገና ማሳ ላይ፣ ቆባው ሳይሰበሰብ ነው። ከገበያ «አዲስ ነው» ተብሎ የተገዛ፣ ቀዳዳ የሌለው፣ የሚያብረቀርቅ ቦሎቄ ከወር በኋላ ተበስቶ ሲገኝ ሻጩን የምንወቅሰው ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ነው። ለዚህ ተባይ የሚሠራ ርካሽ መላ አለ፤ ለአንድ ኪሎ ቦሎቄ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሮ ፍሬው ሁሉ እስኪያብረቀርቅ ማሸት ነው። ዘይቱ በፍሬው ላይ የተለጠፈውን እንቁላል ይገድለዋል። ቀድሞ ወደ ውስጥ የገባውን እጭ ግን በአስተማማኝ አይገድልም፤ ስለዚህ ቦሎቄው እንደተገዛ ወዲያውኑ ቢደረግ ነው የሚጠቅመው።

ስለ ፀሐይ ብዙ ተሳስቼ ነበር። የአዳማ ፀሐይ ማንንም ይገድላል ብዬ ስንዴዬን ጠዋት በሸራ ላይ አሰጣ ነበር፤ ጥንዚዛዎቹ ከሙቀቱ እየሸሹ በግድግዳው ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ፣ እኔም ሄዱ ብዬ ደስ ይለኛል። የሄዱት ግን ወደ ጓዳው ግድግዳ ነበር፤ በፍሬው ውስጥ ያለውም እጭ እዚያው ነበር። ስጡን ወደ መድኃኒት የሚለውጠው የሙቀቱ መጠን ነው። እህሉ በጥቁር ላስቲክ ላይ ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይዘረጋና በላዩ ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ለብሶ ዳር ዳሩ በድንጋይ ይያዛል፤ በዚህ ዓይነት እኩለ ቀን ላይ የእህሉ ሙቀት ከ50 ዲግሪ በላይ ይወጣል። 57 ዲግሪ ደርሶ አንድ ሰዓት ከቆየ እንቁላሉም እጩም አይተርፍም። ሲበርድ ወዲያው መታሸግ አለበት፤ ሜዳ ላይ ካደረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ለዘር የታሰበ ግን በዚህ መንገድ ባይሞቅ ይሻላል።

ፍሪዘር ያለው ሰው ሥራው ይቀልለታል። ሩዝ፣ ምስር፣ ዱቄት፣ የተደለዘ በርበሬም ቢሆን፣ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች አራት ቀን ከዋለ በውስጡ ያለው ሁሉ ይሞታል። በከረጢት ሁለት ሁለት ኪሎ እያደረጉ መክፈል ያስፈልጋል፤ ትልቅ ዕቃ መሐሉ ቶሎ አይበርድም። መብራት በሚቆራረጥበት ሳምንት ቀኑን እንደገና ከአንድ እቆጥራለሁ። ከፍሪዘር ሲወጣም ከረጢቱን ሳይከፍቱ ሙቀቱ ከቤቱ ጋር እስኪስተካከል መጠበቅ ይገባል፤ አለበለዚያ ጤዛው በእህሉ ላይ ያርፋል።

ከሁሉ በላይ የወደድሁት ግን ባዶውን የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። በደንብ የደረቀ ሽምብራ ወይም ምስር በንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ፣ መሬት እየመታሁ እስከ አንገቱ ድረስ ሞልቼ ክዳኑን ጥብቅ አደርጋለሁ። በውስጡ ያሉት ነፍሳት የቀረችውን ትንሽ ኦክስጅን ይጨርሷታል። የሚገርመው አሟሟታቸው ነው፤ በደረቅ እህል ውስጥ የሚኖር ነፍሳት የሚያስፈልገውን ውሃ የሚያገኘው የበላውን ምግብ በኦክስጅን በሰውነቱ ውስጥ በማቃጠል ስለሆነ፣ ኦክስጅኑ ሲያልቅ መብላት ያቆምና በውሃ ጥም ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ1987 በካሜሩን በተጀመረ ሥራ የተገኘውና ዛሬ በአገራችንም የሚገኘው ባለ ሦስት ድርቡ የፒክስ ከረጢት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ አንድ ኩንታል ለሚገዛ ቤተሰብ እሱን እመክራለሁ። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ ቀብሮ አፉን ሲደፍን የሚያደርገውም ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ ጥብቅ ግዴታ ግን አለ፤ እርጥብ እህል በታሸገ ዕቃ ውስጥ ይሻግታል። ለመፈተን ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ለአንድ ደቂቃ ያህል እነቀንቃለሁ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጨው በጠርሙሱ ጎን ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነውና ወደ ስጥ ይመለሳል።

ነጭ ሽንኩርት፣ የኒም ቅጠልና ዛላ በርበሬ በሩዝ ውስጥ ስለማስቀመጥ ሰዎች ይጠይቁኛል። ሽታው የምትበረውን ሊያርቅ ይችል ይሆናል፤ በፍሬው ውስጥ ተደፍኖ የተቀመጠውን እጭ ግን ምን ሽታ ይደርስበታል? አመድ ይሻላል፤ ደቃቁ ብናኝ የነፍሳቱን ቆዳ እየፋቀ ያደርቃቸዋል፣ ግን ብዙ ያስፈልጋል፣ አጠባውም አድካሚ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ ልናገረው የሚገባ ከባድ ነገር ስላለ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ባለሱቅ ነቀዝ እንዳስቸገረኝ ስነግረው ሁለት ክኒን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ማዳበሪያው ውስጥ ጣዪውና እሰሪው፣ በማግስቱ አንድም አይገኝም» አለኝ። ማዳበሪያው የቆመው ልጆቼ ከሚተኙበት ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ በሚዋሰን ጓዳ ነው። ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ወረቀቱን ሲያይ ደነገጠ፤ በመጋዘን ሥራ ላይ ስለነበረ ያውቀዋል። ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቅቃል፤ ጋዙ በበር ሥርና በግድግዳ ስንጥቅ ያልፋል፣ ለተመረዘ ሰውም ማርከሻ የለውም። በመጋዘን የሚጠቀሙበት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ እህሉን በሸራ አሽገው፣ ለቀናት ሰው ከልክለው፣ ከዚያም በደንብ አናፍሰው ነው። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ የሚጣልበት ምንም ዓይነት አግባብ የለም። እኛ ባለማወቅ ለጥቂት ኪሎ ስንዴ ስንል ልጆቻችን አጠገብ እናስቀምጠዋለን፤ ያን ማታ ባለቤቴ ቀድሞ ባይገባ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ እናቶችና እኅቶች፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አንዲት ነገር ለጎረቤታችሁ ንገሩልኝ። ነቀዝን የምንደብቅ ከሆነ ክኒኑንም ደብቀን ነውና የምንጠቀመው፣ ማንም ደርሶ አያስጥለንም።

የቀረው የጽዳት ሥራ ነው። የመደርደሪያው ስንጥቅና ማዕዘን በውሃ ከመታጠቡ በፊት በብሩሽ ተጠርጎ ጥርጊው ከቤት መውጣት አለበት፣ አዲስ ዱቄት በአሮጌው ላይ አይገለበጥም፣ የቆየ ማዳበሪያም ስፌቱ ውስጥ ነፍሳት ስለሚደበቁበት በፈላ ውሃ ሳይነከር ዳግመኛ እህል አይያዝበትም። ገበያ ስሄድም ከማዳበሪያው አፍ ሳይሆን ከሥሩ እንዲዘገንልኝ እጠይቃለሁ፤ ብናኝ ካለ የሚወርደው ወደ ሥር ነው።

ባለፈው ግንቦት እናቴ ልትጠይቀኝ ከአሰላ ወረደች። በጥር 12 የዘጋሁትን የሽምብራ ጠርሙስ በፊቷ ከፍቼ በሰፌድ ላይ ገለበጥሁት። መነጽሯን አድርጋ፣ እንደ ልማዷ በመዳፏ እየበተነች ረጅም ጊዜ ለቀመች፤ ሁለት የደረቁ ጥንዚዛዎች አገኘችና በጥፍሯ ገፋ አደረገቻቸው። አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰብራ ውስጡን አየች። «ይኼማ ለዘርም ይሆናል» አለች። ስትመለስ 12 ባዶ ጠርሙስ በማዳበሪያ አስራ ይዛ ተሳፈረች፤ ለዘር ባቄላዋ ነው።